ከድር ሰላም ብሎሃል

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7

ዛሬም የሚቆጣኝ ሰው አጣሁ።

የባጃጅ ወረፋ ጥሼ ገባሁ፤ ሆን ብዬ ነው። ከኋላ የቆመ ጎረምሳ አፉን ሊከፍት ሲል አንዲት የሰፈራችን ሴት «ተዋቸው፣ ልባቸውን ያማቸዋል» አለችው። ልጁ ጭራሽ ክንዴን ደግፎ አስገባኝ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ከሐዋሳው ታቦር ሰፈር እስከ መሃል ከተማ እንደ እንቁላል ተይዤ ወረድኩ።

እድሩ ድንኳን ከመትከል ነፃ አውጥቶኛል። የአንድ ለአምስታችን ተጠሪ ወይዘሮ አልማዝም ለስብሰባ አትጠራኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ እፈርምልዎታለሁ» ትላለች። የቀበሌ ስብሰባ እንዲናፍቀኝ ያደረገ በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ሰው ሲሞት ደግሞ ጭራሽ አይነገረኝም። ጥሩምባ ስሰማ «የሌላ ሰፈር ነው» ይሉኛል። ባለፈው ወር ባለ ሥጋ ቤቱን ሰላም ልበለው ብዬ ጎራ ብል ሰውየው ከሞተ ሰንብቷል። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ቀብሮት፣ አልቅሶለት፣ ድንኳኑን አንስቶ ጨርሷል።

ይህ ሁሉ የመጣው በጥር ነው። አዲስ አበባ ወስደው በእጄ አንጓ በኩል የልቤ ደም ሥር ውስጥ ቀጭን የሽቦ ወንፊት የመሰለ ነገር ካስገቡልኝ ወዲህ። ስቴንት ይሉታል። እኔ ዕድሜዬን የውሃ ቧንቧ ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝና ሐኪሙን «ስንት ኢንች ነው?» አልኩት። ሳቀብኝ።

በአንድ ክፍል ሦስት ነበርን። እኔ አንድ ሽቦ፣ የይርጋለሙ መምህር ላሚሶ ሁለት፣ የቡታጅራው ነጋዴ ከድር ሦስት። «ለነጋዴ ምርቃት አለው» ይላል ከድር። ስንወጣ ተማማልን። በየማታው ከድር ላሚሶን ይጠይቃል፣ ላሚሶ እኔን፣ እኔ ከድርን። ጥያቄው አንድ ነው፤ ስለ ዕለቱ ኪኒን፤ «ዋጥክ?» ከድር ስሙን «አንድ ለሦስት» አለው። ሊቀ መንበርነቱንም ማንንም ሳያማክር ለራሱ ወሰደ።

ማታ ለከድር ደወልኩለት።

«ዋጥክ?»

«ዋጥኩ፣ አንተ ቧንቧ!»

ድምፁ ጉንጩ ውስጥ የታፈነ ይመስላል። ጥርሱን አስነቅሎ ድዱ አብጦበታል። ደህና እደር ተባባልን። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ በላይነሽ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የሚሰማ ንግግር ይኸው ነው፤ ማታ ማታ ሁለት ስልክ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ከድር አያነሳም። ደጋግሜ ሞከርኩ።

ላሚሶ ደወለልኝ። «ዋጥክ?» ዋጥኩ። «ከድር ዛሬ አልጠየቀኝም» አለ።

«ኔትወርክ ነው» አልኩት። በዚህ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም።

ዝናቡ ከታቦር ጋራ እየተንደረደረ ወረደ። የግቢዬ ቦይ ሞልቶ ፈሰሰ። አካፋ ይዤ ወጣሁ፤ የጎረቤት ልጆች ሮጠው መጥተው ከእጄ ወሰዱት። አመሰገንኳቸው። ቤት ገብቼ ግን ተናደድኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

ከድር ሞቷል።

ጻፍኩት እንጂ እስካሁን ከአፌ አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ ስደውል ልጁ ሰሚራ አነሳች። ትናንት ጠዋት ደረቱን ያዘው። መኪና እስኪመጣ አልቆየም። ከሰዓት ቀበሩት። እኔ ስልክ ስደውልለት እሱ አፈር ለብሶ ነበር።

ምክንያቱ ያ ጥርስ ነው። ሊያስነቅል ሲሄድ ብዙ ደም ይፈሰኛል ብሎ ፈርቶ፣ ሽቦው ላይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ኪኒን በገዛ እጁ አቆመ። ሐኪም አልጠየቀም። ለነቃዩም ሽቦ እንዳለበት አልነገረም። ከተነቀለ በኋላም ድዱ ስለተቆጣ «እስኪበርድልኝ» ብሎ ሳይመልሰው ቀረ። ሰሚራ ኪኒኑን ፍራሹ ስር አገኘችው። ይህን ሁሉ ቀን እኔ «ዋጥክ?» ስለው «ዋጥኩ» ይለኝ ነበር። ምን ልበለው? የሞተ ሰው አይሰደብም። ግን ልሰድበው አማረኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ ጠንካራ ነዎት ብዬ ነው የነገርኩዎት» አለች ሰሚራ። «ለጋሽ ላሚሶ ግን አደራዎን እንዳይነግሯቸው። ልባቸው ስስ ነው። እንዲህ በድንገት ከሰሙ እሳቸውንም እናጣቸዋለን።»

አደራ አለች። አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል?

ማልቀስ ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም። ለቅሶ ከሰው ጋር ነው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል። እኔ ማንን ልቀበል? ባዶ ወንበር ላይ አፍጥጬ ቆየሁ። ለልጄ ለሕይወት አዳማ ልደውልላት አሰብኩ። ከሰማች ነገውኑ መጥታ ሻንጣዬን ጠቅልላ ትወስደኛለች። ተውኩት።

ማታ ላሚሶ ደወለ። «ዋጥክ?» ዋጥኩ። «ከድርን አገኘኸው? ዛሬም አልጠየቀኝም።»

«አግኝቼዋለሁ» አልኩ። «ስልኩ ወድቆበት ነው። ደህና ነው።»

ላሚሶ አማርኛን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ቃል በቃል መርጦ፣ እንደ መምህርነቱ። «እሺ» አለ። «ሰላም በልልኝ።»

እሑድ፣ ሐምሌ 10

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለነፍሱ ልጸልይ ብዬ እስላም መሆኑ ትዝ አለኝ። ጸለይኩ። እግዚአብሔር ያውቃቸዋል ሁሉንም።

ሕይወት ደወለች። «አባዬ ድምፅህ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ጉንፋን አልኳት። ውሸት አንዴ ከገባ ዘመዶቹን ይጠራል።

ማታ ላሚሶ፤ «ከድርስ?»

«ሰላም ብሎሃል። ድዱ እየተሻለው ነው።»

«እየተሻለው ነው?»

«በጣም።»

ላሚሶ ሁለት ሽቦ አለው፤ ባለፈው ዓመት አንዴ ወድቆ ነው የተገኘው። አንዲት ቃል ከአፌ አምልጣ ብትገድለውስ? ከዚያ ለማን እደውላለሁ? አዎ፣ ለራሴም ፈርቻለሁ። ሦስት ነበርን፤ አንዱ ሄደ። ሁለተኛው ከሄደ ይህ ስልክ ሰዓት ማያ ብቻ ይሆናል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 11

የጠዋቱን ኪኒን ረሳሁ። ከሰዓት በኋላ ትዝ ሲለኝ ፈጥኜ ዋጥኩ። ማታ ከድርን ልጠይቅ ስለምደውል ነበር ለካ የማልረሳው። ጠያቂ ሳይውጥ አያፍርም?

መብራት የለም።

ላሚሶ ደወለ። «ዋጥክ?» አለ፣ ዋጥኩ አልኩ፣ ደህና እደር ተባባልን። ስለ ከድር አንዲት ቃል አልጠየቀኝም። ሰውነቴ አረፈ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። እንዲህ ቶሎ ይረሳል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12

ነገሩ ግራ ገባኝ።

ማታ ላሚሶ ደወለ። ድምፁ ከወትሮው ሞቅ ብሏል። «ከድር ዛሬ ደወለልኝ» አለ። «ስልኩ ተሠርቶለታል። ሰላም ብሎሃል።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ተፈራ? አለህ?»

«አለሁ።»

«ስለ እሱ አታስብ። ከእንግዲህ እኔው አገኘዋለሁ። አንተ ለመደወል አትቸገር።»

ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወይ ላሚሶ አእምሮው ተናውጧል፣ ወይ እኔ ቅዳሜ ሕልም አይቻለሁ። ሰሚራ ጋ ደወልኩ፤ ጥሪው አልገባም። ወይ ደግሞ... ወይ ደግሞ ላሚሶ ሰምቷል። ከሰማ ለምን እንዲህ ይለኛል? ቀልድ ነው እንዳልል ላሚሶ ቀልድ አያውቅም። ቀልዱ የከድር ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 13

የሐኪም ቀጠሮዬ ነበር። ዶክተሯ ልጅ ናት፤ የሕይወት እኩያ ብትሆን ነው። የደም ምርመራዬን አየችና ከንፈሯን መጠጥ አደረገች። በደም ሥሬ ውስጥ ያለው ብግነት ከፍ ብሏል አለችኝ።

«ቧንቧው ተከፍቶ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ሽቦው የጠበበችውን አንዲት ቦታ ነው የከፈተው። በሽታው ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ቁስል ሲቆጣ አይተዋል አይደል? የደም ሥርዎ ግድግዳ ከውስጥ እንደዚያ ይቆጣል። ዛሬ እዚህ ከፍተን ነገ እዚያ ሊጠብ ይችላል። ማታ የሚወስዱት ኪኒን ስቡንም ይቀንሳል፣ ቁጣውንም ያበርዳል። የጠዋቶቹ ደግሞ ሽቦው ላይ ደም እንዳይረጋ ይጠብቃሉ።»

ነገሩ በሙያዬ ቶሎ ገባኝ። የዛገ መስመር ላይ አንድ መጋጠሚያ ብትቀይር ዝገቱ አይለቅህም። ይህንኑ አልኳት። «ዝገትስ አይመለስም» አለች፤ «ይሄ ግን ሕያው ነው፤ ከያዙት ይበርዳል።» ስለ ሲጋራ ጠየቀችኝ፣ ትቻለሁ። ስለ ጥርሴ ጠየቀችኝ። ጥርስ ስትል ከድር ትዝ አለኝ። «ሳይጠይቁን ምንም ኪኒን እንዳያቆሙ» አለች፤ «ለጥርስም ቢሆን፣ ለምንም ቢሆን።» አሁን ነው የምትነግሪኝ ልላት ነበር። እሷ ምን አጠፋች?

«እንቅልፍስ?» አለች።

«ዶክተር፣ ሽቦ ላለበት ሰው መርዶ ይነገራል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለማን ነው?»

«ለጓደኛዬ።»

«ድንጋጤ ልብን አይጎዳም ብዬ አልዋሽዎትም» አለች። «ግን ሰው ዕድሜ ልኩን ከሐዘን ተደብቆ አይኖርም። መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ሰው አጠገቡ ይኑር። ብቻውን ብቻ አይሁን።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እርስዎስ? ሰው አለዎት?»

«ስልክ አለኝ» አልኳት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 14

ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስለማመድ ዋልኩ። «ላሚሶ፣ ተቀመጥ። ልጅህ አጠገብህ አለ?» እያልኩ ከግድግዳው ጋር አወራሁ።

ማታ ደወለና ገና አፌን ሳልከፍት «ከድር ሰላም ብሎሃል» አለ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። «ምን አለ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ያ ቧንቧ ኪኒኑን ከረሳ፣ እኔ በሊቀ መንበርነቴ ግምገማ እጠራበታለሁ ብሏል። ግለ ሂስ ሳያደርግም አይወጣም ብሏል።»

ራሱ ከድር ነው! አነጋገሩ ሁሉ። ሳቅኩ። «ሂሱን ውጬዋለሁ በለው» አልኩ። ላሚሶም ሳቀ፤ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ሁለታችን ከድር እንዲህ አለ፣ ከድር እንዲያ አለ እየተባባልን ካርዱ እስኪያልቅ አወራን። ነርሷን ስለ ባልዋ ገቢ የጠየቃትን፣ የሆስፒታሉን ሾርባ ለላሚሶ በዱቤ የሸጠለትን። ከጥር ወዲህ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስልኩ ሲቋረጥ ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰውየው እኮ ሞቷል። ላሚሶም ያውቃል። አሁን እርግጠኛ ነኝ፤ ሲስቅ መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ያውቃል፣ እንደማውቅም ያውቃል፣ ሁለታችንም ከሞተ ሰው ሰላምታ እየተቀባበልን ነው። ታዲያ ለምን አይለኝም? እኔስ ለምን አላልኩትም?

ዓርብ፣ ሐምሌ 15

ፊቼ ደርሷል። የሲዳማ አዲስ ዓመት። ከየወረዳው ሰው እየገባ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ሲሄዱ አየሁ። ከተማው በዘፈን ተሞልቷል። እኔ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ።

ላሚሶ ዛሬ ያለ ሰዓቱ፣ በቀን ደወለ። ሐዋሳ ገብቷል፤ ለበዓሉ ልጁ ጋ።

«ነገ በጠዋት ቤት አለህ?» አለኝ።

«የት እሄዳለሁ?»

«የጠዋቱን ኪኒን ቀድመህ ዋጥ» አለ። ይኸው ነው ያለው።

ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ነገ ምን ሊለኝ ነው? ቢወድቅብኝስ? እዚህ ቤት ውስጥ ማን አለ? ወይዘሮ አልማዝ ዘንድ ሄጄ ነገ ጠዋት ከቤት እንዳትጠፋ ለመንኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ይህም ገረመኝ፤ አልማዝ ለምን ሳትል የማታልፍ ሴት ናት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 16

ቀስ ብዬ ልጻፈው። እጄ ደክሟል፤ ግን ጥሩ ድካም ነው።

ገና ሳይነጋ ተነስቼ ውሃ ቀዳሁ። ኪኒኑን ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጥኩ። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ።

ላሚሶ ነበር፤ ጋቢውን አጣፍቶ። ከጎኑ ልጁ። ከኋላቸው የእድራችን ዳኛ፣ ወይዘሮ አልማዝ፣ ሁለት ጎረቤቶች። ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ተሰብስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም።

ገቡ። እኔን መሃል አስቀመጡኝ። የእድሩ ዳኛ በአንድ ጎን፣ አልማዝ በሌላው። ላሚሶ ፊት ለፊቴ ወንበር ሳበ።

«ዋጥክ?» አለኝ።

«ዋጥኩ።»

«ተፈራ» አለ ቀስ ብሎ። «ወንድማችን ከድር አርፏል።»

ሳምንት ሙሉ ያወቅኩት ነገር ነው። ባለፈው ቅዳሜ በእጄ የጻፍኩት። ግን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ በሰው መሃል፣ ስሙን ጠርቶ፣ እንዲህ ብሎ። ከሆዴ አንድ ድምፅ ወጣ፤ የእኔ አልመሰለኝም። አልማዝ ተቀበለችኝ። ከድርን ዓይታው አታውቅም፤ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸችልኝ። ላሚሶ ራሱን ይዞ አለቀሰ። ሰፈሩ ሰምቶ መጣ። ቤቴ ሞላ። ቤቴ በሰው ሲሞላ በላይነሽ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ስንረጋጋ ላሚሶን ጠየቅኩት። ሰኞ ዕለት እሱ ራሱ ለሰሚራ ደውሎ ሰምቷል። «እርስዎ ጠንካራ ነዎት፤ ለጋሽ ተፈራ ግን አደራ፣ ልባቸው ስስ ነው» ብላዋለች።

«ለእኔም እንደዚያው ነው ያለችኝ!»

«ኋላ አፏን አዳለጣት፣ እንደነገረችህም ነገረችኝ» አለ።

«ታዲያ ሰላም ብሎሃል ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«ስትዋሽ ድምፅህ ይታመማል» አለኝ። «እሑድ ዕለት 'ድዱ እየተሻለው ነው' ስትለኝ ልትወድቅ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ሲገባኝ ውሸቱን ልቀበልህ ብዬ ነው። እኔ ልዋሽ፣ አንተ ረፍ ብዬ።»

«በስልክ አትነግረኝም ነበር?»

ተቆጣ ማለት ይቻላል። «ብቻህን ነህ! ብቻውን ላለ ሰው በስልክ መርዶ ይነገራል? ሰው እስክሰበስብልህ ነው። ለዳኛህም ለአልማዝም ትናንት የነገርኩት ለዚህ ነው። ደግሞ ነገ ጨምበላላ ነው። በእኛ በሲዳማ ውሸት ይዞ አዲስ ዓመት አይገባም።»

ይህን ብሎ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ውሃው እንደሞላ ነው። ኪኒኑ አጠገቡ እንደተቀመጠ ነው።

ላሚሶ ተነሳ። ያ ለስላሳው መምህር ተነስቶ ጮኸብኝ። «ይሄ ምንድን ነው? ዋጥኩ አላልከኝም? ልክ እንደሱ! ልክ እንደ ከድር! እኔ ብቻዬን ማንን ልጠይቅ ነው የምትፈልገው?» የእድሩ ዳኛ «ኧረ ልባቸው...» ሲል «ልቡ ይችላል!» አለው። ኪኒኑን አንስቶ እጄ ላይ አኖረው፤ ውሃውን ሰጠኝ፤ ስውጥ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ምላሴን አውጥቼ እንዳሳየው አዘዘኝ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ በለቅሶ ቤት መሃል፣ እንደ ተማሪ ምላሴን አወጣሁ።

ተቆጣኝ። በሰው ፊት ተቆጣኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የተቆጣኝ መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ከልጁ ቤት ቡርሳሜ ላከልኝ፤ በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ። ትንሽ ቀመስኩ። ዶክተሯ እንዳትሰማ። ሰኞ አብረን ቡታጅራ ሄደን ሰሚራን እናስተዛዝናለን። ሕይወትም ሰምታለች፤ አልቅሳ፣ ተቆጥታ፣ ደግሞ አልቅሳ፣ ነገ እመጣለሁ ብላለች። ሻንጣዬን እንዳትነካ ነግሬያታለሁ።

ከእንግዲህ እኔ ላሚሶን እጠይቃለሁ፣ ላሚሶ እኔን። ማን ሊቀ መንበር እንደሚሆን አልተስማማንም። ወንበሩ የከድር ሆኖ ይቆይ ብለናል።

መሽቷል። ሰዉ ሄዶ ቤቱ እንደገና ጸጥ ብሏል። ያስፈራል፤ እንደ ትናንቱ ግን አይደለም። ስልኩ እየጠራ ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ ልዋጥ።